ከኢየሩሳሌም የሚወርደው ውሃ

በዚያን ጊዜ አፌ ከመኪናዬ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ረሆቮት ውስጥ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ያሉትን፣ ከአገር ቤት የመጡትን የእኛን አይሁድ ሽማግሌዎች ጠዋት ከየቤታቸው አንሥቶ ሞዓዶን ማድረስ፣ ከሰዓት በኋላ መመለስ ነው። ሞዓዶን የምንለው አረጋውያኑ ቀን ቀን ተሰብስበው የሚውሉበትን ቤት ነው። አንድ ሚኒባስ አሥራ አራት ሽማግሌና አሮጊት ሲጭን ምን ያህል ወሬ አብሮ እንደሚጫን አስቡት። የማን ልጅ ከሠራዊት ተመለሰ፣ ማን ልጁን ዳረ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፋል። ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ባለቤቴ "አንተን ሚስጥር ከማማከር ባቡር ጣቢያ ቆሞ መለፈፍ ይሻላል" ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ከተሳፋሪዎቼ ሁሉ የማልወዳቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ አባ ፈረደ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ሌላው ሽማግሌ ሲሳፈር ጉንጬን ይስመኛል፣ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል፣ አንዳንዱማ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል። አባ ፈረደ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ ጎንበስ ይሉና ከኋላ ካለው ወንበር ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሰባት ዓመት ሳመላልሳቸው አንድ ቀን እጄን አልጨበጡም። ሲወርዱ ልደግፋቸው ክንዴን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸት ይላሉ። እኔ በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኜ የመጣሁ ነኝ፤ እሳቸው ከዚያ በፊት በእግራቸው ሱዳን ድረስ ተጉዘው የመጡ ናቸው። "ሳትደክም የመጣህ" እያሉ በሆዳቸው የሚንቁኝ ይመስለኝ ነበር። በዚህም ስንት ቀን እንዳማኋቸው አምላክ ይቁጠረው።

ነገሩ የሆነው በዚህ አገር ክረምት እኩሌታ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ከዘነበ በኋላ ነው። ጠዋት አባ ፈረደን ላነሣ ስሄድ የልጅ ልጃቸው ሜይታል በር ላይ ጠበቀችኝ። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ባሉበት በቂርያት ቫይዝማን የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

"ባየህ፣ ቤቫካሻ አንተ ለምንልኝ" አለችኝ በስሜ ጠርታ። "ነገ ጠዋት ብሪት ነው። ሲገረዝ ሕፃኑን በጭናቸው እንዲይዙልኝ የፈለግኩት አባባን ነው። እምቢ አሉኝ።"

"ደክሟቸው ይሆናላ።"

"ሎ! ድካም አይደለም። እኔን አንድ ቀን አቅፈውኝ አያውቁም። እናቴንም አቅፈዋት አያውቁም፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ቤሰደር፣ ለእኛ ይሁን፣ ለምደነዋል። ልጄን ግን ካልነኩት፣ ዳይ፣ በቃኝ። ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም።"

አባ ፈረደ ከደረጃው ላይ ሆነው ሰምተዋታል። እሷን እንዳይነኩ ግድግዳውን ተጠግተው አለፉና መኪናው ውስጥ ገቡ። ያን ቀን የናቅኳቸውን ያህል ንቄያቸው አላውቅም።

ሞዓዶኑን የምትመራው ኦራ የምትባል እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ጀምራ ነበር፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ተራ በተራ የመንደሩን ወንዝ ይናገራል። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር። አንዱ "የእኛ ወንዝ አዞ ነበረው" ሲል ሌላው "የእናንተ ወንዝ እንቁራሪት እንኳ አልነበረው" ብሎት ሁለት ሳምንት ሙሉ በመኪናዬ ውስጥ ፊትና ኋላ ተቀምጠው ተኳርፈዋል። እያደር ግን ጨዋታው ከበደ። ወንዙን የጀመረ ሰው ወንዙ ላይ አይቆምም፤ እናቱን ያነሣል፣ የሞተ ልጁን ያነሣል። እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ በሩ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጥ ነበር።

ያን ቀን ተራው የእማማ ዘውዲቱ ነበር።

"እኛ ያለ ወንዝ መንደር አንሠራም" ብለው ጀመሩ። "የወለደች ወርዳ ትነጻበታለች፤ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ተለይቶ ተቀምጦ ወርዶ ይነጻበታል። ወንድሜ ዓለሙ እዚያ ወንዝ ውስጥ እንደ ዓሣ ነበር። እናቴ በዱላ ነበር ከውሃው የምታወጣው።" ትንሽ ሳቁ። "ሱዳን ካምፕ ውስጥ ሞተብኝ። ውሃ በጣሳ እየተለካ በሚታደልበት። እኔም ታምሜ ወድቄ ነበር፤ አልቀበርኩትም። ግን እኒህ አባ ፈረደ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አጥበው ቀበሩልኝ። 'አጥበነዋል፣ አይዞሽ' አሉኝ። እስከ ዛሬ የተጽናናሁት በዚያ ነው። ውሃ የሚወድ ልጅ ውሃ አግኝቶ ሄደ።"

ሁሉም ወደ አባ ፈረደ ዞሮ "እግዚአብሔር ይስጥዎ" አላቸው። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ካፖርታቸውን እንኳ ሳይለብሱ ወደ ዝናቡ ወጡ። ኦራ ካፖርቱን ይዛ ተከተለቻቸው። እኔ ደግሞ በሆዴ "ሲመሰገንም አይወድም" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ሁሉንም በየቤቱ አወረድኩና አባ ፈረደ ብቻ ቀሩ። በመስተዋቱ ሳይ ከኋላው ወንበር ተነሥተው እኔ ጀርባ ካለው ወንበር መጥተው ተቀመጡ። በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

"ባየህ።"

"አቤት አባ።"

"ወራጅ ውሃ ታውቃለህ? በቧንቧ ያልታሰረ፣ ራሱ የሚሄድ።"

"በዚህ ዝናብማ መንገዱ ሁሉ ወራጅ ነው አባ" ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። "ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሰደኝ" አሉ።

ለምን እንደታዘዝኳቸው አላውቅም። ድምፃቸው የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር፤ ኩራተኛ ይለምናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በክፋር ማርሞሬክ በኩል ወጥቼ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ናሐል መኪናውን አዞርኩ። በበጋ ቀጭን፣ በክረምት ደግሞ ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ ነው። እየሄድን ከጀርባዬ መናገር ጀመሩ።

"ሬሳ የነካ ሰው ሥርዓቱን ሰምተህ የለም?"

"ሰምቻለሁ። ሰባት ቀን ማንንም ሳይነካ ይቀመጣል።"

"እኔ አርባ ዓመት አልፎኛል።"

እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሣ። መኪናው ዝግ አለ።

"ካምፑ ውስጥ በየቀኑ ሰው ይሞት ነበር" አሉ። "የሚቀብር ጠፋ። እኔ ጉልበት ነበረኝ፤ ቀበርኩ። አሥራ ሰባት ሰው በእነዚህ እጆች ቀብሬያለሁ። ውሃ ግን የለም። የታደልነውን ለሞተው ባፈስስበት በሕይወት ያለው ምን ይጠጣ? ሳናጥብ ቀበርናቸው፤ በደረቁ፣ አሸዋ ውስጥ። ዘመድ መጥቶ ሲጠይቀኝ 'አጥበነዋል' አልኩ። ምን ልበል? ለአንዱ አልኩ፣ ለሁሉም አልኩ። መጨረሻ የቀበርኳት ሚስቴን ነው። እሷን በቀበርኩ በአራተኛው ቀን መኪና መጣና ወደ አውሮፕላን ወሰዱን። ልጄን እህቴ አዝላልኝ መጣች። እኔ አልነካኋትም፤ ሰባት ቀኔ አልሞላማ።"

"እዚህ ሲደርሱስ አባ? እዚህ ውሃ ሞልቶ!"

"እዚህ ስንደርስ የዚህ አገር ረቢዎች ቤት ውስጥ የታጠረ ውሃ አሳዩን። 'ግቡበትና አይሁድ ሁኑ' አሉን። እኔ እዚያ ውሃ ገብቼ አይሁድ ከሆንኩ፣ አሸዋ ውስጥ የተውኳቸው ምን ሆነው ቀሩ? አልገባሁም። ኋላም ዮርዳኖስ ለጉብኝት ወስደውናል። ዳር ቆሜ አይቼ ተመለስኩ። ውሸቱ ሆዴ ውስጥ እያለ ውሃ ብገባ ልብሴን ማራስ ነው። መጀመሪያ ለሰው መናገር ነበረብኝ። ዛሬ የዘውዲቱን ምርቃት ተሸክሜ ወደ ቤቴ መግባት አቃተኝ። ነገ ደግሞ ሕፃኑ አለ።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ነገሩኝ? የእኛ ቄሶች አሉ አይደል?"

"አንተ ወሬኛ ስለሆንክ ነዋ" አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። "ሚስጥር ለሚጠብቅ ሰው ብነግር አልተናገርኩም ማለት ነው። አንተ ታዳርሰዋለህ። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ለመናገር ጉልበትም ልብም አልቀረልኝ።"

ስድብ ነው፤ እውነትም ነው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ከደመናው በታች ወጥታ ነበር። ውሃው ደፍርሶ፣ ሸምበቆውን እያጎነበሰ ይወርዳል። ከመኪናው እንደወረድን ሽታው መጣልኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሹፌር ከመሆኔ በፊት ሁለት ዓመት የከተማ ፍሳሽ የሚጣራበት ቦታ ሠርቻለሁ። ይህ ወንዝ ዝናብ በሌለበት ወራት የሚሸከመው ያንኑ ፍሳሽ እንደሆነ አውቃለሁ። በሰፈሩ የማያውቀው አባ ፈረደና መሰሎቻቸው ብቻ ናቸው። እነሱ ወንዝ ሲሉ የሚያስቡት የልጅነታቸውን ወንዝ ነው።

አባ ፈረደ ጫማቸውን አወለቁ። ካፖርታቸውን ሸምበቆ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ዞር ብለው ጠየቁኝ፦

"ይኸ ውሃ ከየት ነው የሚመጣ?"

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሌላ ወንዝ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል መንዳት ሊያስፈልግ ነው። ነገ ጠዋት ሕፃኑ ይገረዛል። እኒህ ሰው ዛሬ ካልገቡ ሌላ አርባ ዓመት የላቸውም።

"ከኢየሩሳሌም ተራሮች ነው የሚወርደው" አልኳቸው።

አልዋሸሁም። ወንዙ በእውነት ከዚያ ይወርዳል። የተናገርኩት ግማሹን ነው፤ ከተራሮቹ ሌላ ምን አብሮ እንደሚወርድ ዋጥኩት።

"ከኢየሩሳሌም!" አሉ። የእኛን ሰው የምታውቁ ይህ ቃል ለእሳቸው ዘመን ሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በስሟ ተወልደው፣ በስሟ በረሃ ተሻግረው፣ በስሟ ሚስታቸውን ቀብረዋል። እያለቀሱ ወደ ውሃው ወረዱ።

"አትንካኝ" አሉኝ። "ቢያዳልጠኝም አትንካኝ። ከነካኸኝ አንተም እንደኔ ትሆናለህ።"

ውሃው ወገባቸው ድረስ ሲደርስ ቆሙ። እኔ ዳር ላይ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አምቡላንስ ልጥራ? ለሜይታል ልደውል? ምን ብዬ?

"ለሕጉ አንድ ጊዜ መጥለቅ ይበቃል" አሉ ከውሃው ውስጥ። "እኔ ግን ስለነሱ ነው የምጠልቅ። እነሱን ውሃ ያነካቸው የለም።" ከዚያ ጮክ ብለው "ይርጋ!" አሉና ጠለቁ። ነጭ ፀጉራቸው ከውሃው በታች ጠፋ። ወጡ። "ወርቅነሽ!" ጠለቁ፤ ወጡ። "የታከለ ልጅ!" ጠለቁ።

እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት። ስምንት። ከንፈራቸው ጠቆረ። በእያንዳንዱ ስም በወጡ ቁጥር ከበፊቱ ዝቅ ብለው ነው የሚወጡት። "ይበቃል አባ! ውሃው ይቀዘቅዛል!" ብዬ ጮህኩ። አይሰሙኝም። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ፈርቼ ነበር። በዚያ ጭር ባለ ሜዳ ስማቸው የተጠራው ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ዳሩ ላይ የቆሙ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ። ሸምበቆ ብቻ ነው። እንደገና ዞሬ ለማየት ግን ድፍረት አጣሁ።

አሥራ ሁለተኛውን ጠርተው ጠለቁ። አልወጡም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያኛው አላሳሳቀንም። ነጭ ሸሚዛቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ታየኝ። ከነልብሴ ዘልዬ ገባሁና የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። ብቅ ሲሉ ውሃ እየተፉ ታገሉኝ።

"ልቀቀኝ!"

"አልለቅም!"

"አትንካኝ ብዬሃለሁ!"

"ይሙቱልኝ እንዴ ታዲያ? ለሜይታል ምን ልበላት?"

ትግሉን ተዉ። የያዘቻቸውን እጄን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ሰው ከነካቸው አርባ ዓመት ሆኗቸዋል።

"ነካኸኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"ነካሁዎት።"

"እንግዲያስ አብረኸኝ ውረድ። አምስት ቀርተዋል። ድምፄ አልቋል፤ እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጥራቸው።"

እኔ ያንን ውሃ አውቀዋለሁ። አፌን ልዝጋ ብል ስም መጥራት አለብኝ። እውነቱን የደበቅኩበትን ውሃ አምላክ እኔኑ አስጎነጨኝ። አባ ፈረደ በጆሮዬ ያንሾካሹካሉ፤ እኔ በማላውቃቸው ሰዎች ስም እጮኻለሁ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጠልቃለን። አሥራ ስድስተኛው "ዓለሙ" ነበር፤ የእማማ ዘውዲቱ ወንድም።

የመጨረሻዋን እንዲነግሩኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ፀሐይዋ ከሸምበቆው ጫፍ ላይ ነበረች።

"እሷን እኔ እጠራታለሁ" አሉ። ከዚያም እንደ ጩኸት ሳይሆን፣ ሰው በቤቱ ውስጥ ሚስቱን እንደሚጠራ "ብርነሽ" አሉ። አብረን ወረድን። እሳቸው ለመውጣት አልቸኮሉም፤ ጎትቼ አወጣኋቸው።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ፣ ካፖርታቸውን ደርቤላቸው፣ ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን ተቀመጥን። እጃቸውን አንሥተው ጉንጬ ላይ አደረጉ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰባት ዓመት ያማኋቸው ሰው ናቸው።

"ከኢየሩሳሌም ነው ያልከኝ፣ አይደል?"

"አዎ አባ" አልኩ። ያኔ ግን በእርግጥ ዋሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት ምኩራቡ ጢም ብሎ ነበር። አባ ፈረደ ገቡ። ሰው ሁሉ እንደልማዱ መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸው ቀጥ ብለው ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጡልኝ" አሉ።

ሜይታል ባለችበት ደርቃ ቀረች። እናቷ አልማዝ ናት ሕፃኑን ወስዳ ጭናቸው ላይ ያኖረችው። አባ ፈረደ ሕፃኑን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው የልጃቸውን የአልማዝን ጉንጭ ነኩ። ጎልማሳዋ ሴት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ "አባዬ፣ አባዬ" እያለች ስታለቅስ ቤቱ ሁሉ አብሮ አለቀሰ። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆሜ አላለቀስኩም። ዓይኔ ከእጃቸው ላይ አልነቀል ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እውነቱን ልነግራቸው አራት ጊዜ ቤታቸው ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ሕፃኑ ደረታቸው ላይ ተኝቶ አገኘኋቸው። እንዳልቀሰቅሰው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። እንዴት ይነገራል? በበጋው አረፉ።

የሰጡኝን አደራም አልተወጣሁም። የእሳቸውን ውሸት ብናገር የእኔም ተከትሎ መውጣቱ ነው። ወሬኛው ባየህ አፉን ዘጋ። ባለቤቴ ታምሜያለሁ ብላ ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። እማማ ዘውዲቱ ወንድማቸው ታጥቦ መቀበሩን እያመሰገኑ ባለፈው ክረምት አረፉ፤ አሁን የምጽፈው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ቄስ ዘንድ ሄጄ "አንድ ጓደኛዬ" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ውሃው ንጹሕ ነበር?" አሉኝ። "አላውቅም" ብዬ ወጣሁ።

ከሰው ርቆ ሰላም የሚል ሽማግሌ በየሰፈራችሁ ካለ፣ እንደ እኔ "ኩራተኛ" ብላችሁ አትለፉት። ጠይቁት፤ ሲነግራችሁ ደግሞ እውነቱን መልሱለት። እኔ ሦስት ቀን የዘነበው ዝናብ ያንን ሁሉ ጠርጎ ወስዶታል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ግን አሥራ ሰባቱም ስማቸው በተራ ይመጣብኛል፤ ባልጠራቸውም ይመጣሉ። ያ ውሃ እነሱን ካላነጻ አባ ፈረደንም አላነጻም፤ እሳቸውን ካላነጻ እኔንም አላነጻም።

ሕፃኑ አሁን እየሮጠ ነው። ሜይታል መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሊታቀፍ ሁለት እጁን ወደ እኔ ይዘረጋል። አነሣዋለሁ፤ እንዴት አላነሣውም? ከማንሣቴ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ አፍታ ቆሜ እጆቼን አያለሁ።